የማይሊ ቀላል ሞት

ማይሊ የሞተችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማይሊ ላም ናት፤ ወተቷ ነጥፎ፣ ጥርሷ አልቆ፣ ባለቤቷ መጦር ሲያቅተው ለመጠለያችን የሰጣት። በእኛ ኔፓል ላም አይታረድም። ያረጁትን እንቀበላለን፣ በራሳቸው ጊዜ ሲሞቱ ደግሞ ሜዳ አውጥተን ለጥንብ አንሳዎች እንሰጣለን። የእኔ ሥራ አሞራዎቹን መቁጠርና የሚበሉት ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እናቴ ስትጠየቅ «ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው» ትላለች እንጂ «ጥንብ አንሳ ትጠብቃለች» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም።

በዚያ ወቅት በጫካው ዳር ባሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ጎጆው ሁሉ ጫጩት ነበረበት። አንድ የተከለከለ የከብት ሕመም ማስታገሻ መርፌ አለ። ላሟን አይጎዳም፤ ሥጋዋን የበላውን አሞራ ግን ኩላሊቱን ይገድለዋል። አንድ የተመረዘ በድን የአካባቢውን አሞራ ሁሉ ይጨርሳል፣ ጫጩቶቹም ጎጆ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

የመጠለያው ሊቀመንበር ኢንድራማን ለእንግዳ የሚያደርገውን ቆብ ደፍቶ ጠበቀኝ። ከካትማንዱ ሰዎች የአሞራውን ግብር ሊያዩ እየመጡ ነበር።

«ጁና፣ ምን ትንቀረፈፊያለሽ? እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። አሞራ ልጆችሽም ከላይ እየዞሩ ነው።»

«እንዴት ሞተች?»

«እንደ ጻድቅ ነዋ። ትናንት ሣር ስትበላ በዓይኔ አይቻታለሁ። ጠዋት ተኝታ ቀርታ አገኘናት።»

ሣር መብላቷ አስደነገጠኝ። የማይሊ ዳሌ በስብሶ ነበር። በሳምንቱ አጋማሽ ስታቃስት ድምፅዋ ሰናፍጭ ማሳው ድረስ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመም እንደ እንግዳ በራሱ ተነሥቶ አይሄድም።

«መርፌ የወጋት ሰው አለ?» አልኩ።

ከብቶቹን የምትጠብቀው ፉልማቲ በረቱን መጥረጓን ቀጠለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከዚያ በረት ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ኢንድራማን ደግሞ መርፌ የወጋ ሰው በዚያው ቀን እንደሚባረር በስብሰባ ምሎ ነበር።

«ማንም የለም» አለ እሱ በሁሉም ፈንታ።

«እንግዲያው ትቀበራለች» አልኩ።

«በግምት?»

«በግምት። የምርመራው መልስ ከካትማንዱ እስኪመጣ ሥጋው ይተላል።»

«እንግዶቹስ ምን ይዩ?»

«ቀብር ይዩ።»

«የተማርሽ መስሎኝ! ሣር በላች ብለሽ ላም ትከሺያለሽ?»

በድኑን በሸራ ሸፍኜ ዶማ አነሣሁ። መሬቱ ድንጋይ ነበር። የሚረዳኝ አልተገኘም፤ የመጠለያው ወንዶች ቆመው በመዳፋቸው ትንባሆ ያሻሉ። አሞራዎቹ አጥሩ ላይ መውረድ ሲጀምሩ ጓል እየወረወርኩ አባረርኳቸው። እነሱን ለመመገብ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሴት! ተሳስቼ ቢሆንስ? የራባቸውን ንጹሕ ምግብ እየቀበርኩ ቢሆንስ? እጄ ግን መቆፈሩን አልተወም።

ከጎኔ ሌላ ዶማ መሬቱን መታ። ፉልማቲ ነበረች።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለ ኢንድራማን።

ጥቂት ቆፈረችና ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የወጋኋት» አለች። «መርፌውን ከድንበር ገበያ አስመጣሁት። እንደዚያ እያየችኝ ስታቃስት... አልቻልኩም፣ በቃ አልቻልኩም። ከፈለጉ ያባርሩኝ፤ አሞራዎቹ ግን እንዳይበሏት።»

ኢንድራማን ፊቱ ቀላ። «ዕቃሽን...» ብሎ ጀመረ።

«አይጨርሱት!» አልኩ። ንዴቴ ከእሱ ይልቅ በራሴ ነበር። «እርስዎ አትውጊ አሏት። እኔም አትውጊ አልኳት። የሚታመም ከብት ይዛ ምን ታድርግ? አሞራ የማይጎዳ ማስታገሻ አለ፤ ቢሮዬ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዛሬውኑ እሷ እጅ ይገባል።»

«የማልኩትስ?»

«ያባሯት እንግዲህ። የሚተካት ሰውም ይወጋል፤ እሱ ግን አፉን አይከፍትም። ያኔ እነዚያን ዛፎች ባዶ ያገኟቸዋል።»

ኢንድራማን አጥሩ ላይ የተሰለፉትን አሞራዎች አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ፉልማቲን ለማየት ግን ጊዜ ወሰደበት።

«ይሄ ጉድጓድ የሚበቃው ለፍየል ነው» አለ በመጨረሻ። ቆቡን አውልቆ ለአንዱ ትንባሆ አሺ አስያዘና ዶማውን ከእጄ ነጠቀኝ። ከዚያ ወንዶቹም አንድ በአንድ መጡ።

መኪናው ሲደርስ ሊቀመንበራችን እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አንዲት እንግዳ ካሜራዋን ይዛ ዙሪያውን ቃኘችና አሞራዎቹ በልተው ጨረሱ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ኢንድራማን ላቡን ጠረገ። «አልበሉም» አለ ወደ ላይ እያሳየ። «ርቧቸዋል። ግን በሕይወት አሉ፤ ለዚህም እሷን አመስግኚ» ብሎ በዶማው እጀታ ፉልማቲን አመለከታት።