ሐይቁ የመለሰው ልጅ

አንድ የሞተ ሰው ማክሰኞ ጠዋት በእግሩ ወደ ምርመራ ክፍሉ መጥቶ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀ። ውኃው መልኩንም ስሙንም ወስዶበታል። ልብሱ ይንጠባጠብ ስለነበር የጽዳት ሠራተኛዋ ከእግሩ ሥር ባልዲ አኖረችለት። አመሰገናት።

የዘረመል መርማሪዋ ዶክተር ኅሪት ሥራዋን በወጉ ጀመረች። በክረምቱ ከሐይቁ ደሴት ወደ ገበያ ሲሻገር የሰመጠ ጀልባ ስድስት ወጣቶችን ይዞ ጠፍቷል፤ የአንዳቸውም አስከሬን አልተገኘም። ሟቹ ለምርመራው አንድ ጥርሱን ነቅሎ ሰጣት። ከእናቶቹ ቀድማ የደረሰችው ወይዘሮ ውዴ ነበረች፤ ልጇ አስናቀ ከስድስቱ አንዱ ነው። ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ምራቅ ወሰዱላት።

ውጤቱ ገጠመ። ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው የዘረመል ምልክት አንድም አልጎደለም። በአገሩ ሕዝብ ስሌት እንዲህ ያለ መመሳሰል በአጋጣሚ የሚገኘው ከብዙ መቶ ሺህ ሰው በአንዱ ነው። አስከሬን ሳላይ አላለቅስም ብላ የቆየችው ውዴ፣ ሟቹ አጠገብ ተቀምጣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች።

ዶክተሯ ግን ትንሽ እንድትታገስ ለመነቻት። የደሴቱ ሰዎች ከጥቂት ቤተሰቦች የተዋለዱ፣ እርስ በርስ ሲጋቡ የኖሩ ናቸው። ሌላው ዘንድ ብርቅ የሆነ ምልክት እዚያ በየቤቱ አለ። በደሴቱ ሕዝብ ስሌት ስታሰላው ያ ትልቅ ቁጥር ሟሸሸ። የቀሩትን አምስት እናቶች አስጠርታ መረመረቻቸው፤ ሁሉም ገጠሙ።

«ከስድስታችሁ የአንዳችሁ ልጅ ነው» አለች። «የማን እንደሆነ ግን ልፈርም አልችልም።»

እናቶቹ አልተጣሉም። አንዷ ብትወስደው ሌሎቹ ልጆቻቸውን ሁለተኛ እንደሚቀብሩ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ሟቹ ወደ ውዴ ዞረ። «ይቅርታ፣ እናቴ እርስዎ ነዎት?»

አስናቀ አንድም ቀን አንቱ ብሏት አያውቅም።

«አንቺ በለኝ» አለችው።

«አንቺ» አለ።

ድምፁ የአስናቀ ነበር። ከጎኗ የቆመችው ሌላዋ እናት ወይዘሮ ዘነቡ ደግሞ የራሷን ልጅ ድምፅ ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀስ በቀስ ስድስቱም አለቀሱ።

ዶክተር ኅሪት ሳትፈርም ይዘውት እንዲሄዱ ፈቀደች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴቱ ሲሻገሩ ሟቹ ጀልባዋ መሐል ተቀመጠ። ነፋስ አልነበረም። ቀዛፊው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያቸው። ስድስቱም እናቶች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ የሟቹን ቀኝ እጅ ይዘዋል።