ሁለት አሮጊቶች በአንድ ሰሌዳ

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የሳለቻቸው ሁለት ክቦች መሐል ላይ ተደራርበዋል። ተማሪዎቹ ስለ ሁለት አሮጊቶች የተጻፉ አጫጭር ገለጻዎች አንብበዋል። በግራው ክብ የመጀመሪያዋ አሮጊት ብቻ ያላት፣ በቀኙ የሁለተኛዋ፣ በመሐሉ ደግሞ ሁለቱ የሚጋሩት ይገባል። ከዚያ ማወዳደሪያ አንቀጽ ይጻፋል። ቀላል ነገር ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን መሐሉን ሞልተው ግራና ቀኙን ባዶ አስቀሩት።

“ልዩነትስ የላቸውም?”

“የላቸውም፣ ቲቸር!” አሉ በአንድ ድምፅ።

ሁለቱን ገለጻዎች ጠዋት በጥድፊያ የጻፈችው ራሷ ናት። የመጀመሪያዋ እናቷ፣ ሁለተኛዋ አማቷ ነበሩ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሁለቱም ብቻቸውን መኖር አቅቷቸዋል፤ ቤቷ ያለው ትርፍ ክፍል አንድ ነው። ባሏ ቁርስ ላይ፣ “እኔ ካንቺ ቃል አልወጣም። ብቻ የማንኛችን እናት እንደምትመጣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ” ብሏታል። እሷማ ወስና ጨርሳለች። ከአማቷ ጋር እሳትና ጭድ ናቸው፤ ታዲያ ምን ያሳስባል?

ጠብ ስለምታበርድ ጓደኞቿ “ዳኛ” የሚሏት ልጅ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ የመጀመሪያዋ አሮጊት ‘ልጇን ትመክራለች’ ይላል። ሁለተኛዋ ደግሞ ‘በልጇ ጉዳይ ጥልቅ እያለች ትጨቀጭቃለች’።”

“ይኸው! ልዩነት አገኘሽ።”

“ግን ያችም ‘ልጄ፣ ሳትበዪ አትውጪ’ ነው ያለችው፤ ይቺም ‘ልጄ፣ ሳትበላ አትውጣ’ ነው ያለችው። ታዲያ ለምን አንዷ መከረች፣ አንዷ ጨቀጨቀች እንላለን?”

መምህርቷ ገለጻዎቹን የጻፈችበትን ወረቀት አነሳች። እናቷ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ አማቷ ሰው ቤት ትዞራለች። የእናቷ ራዲዮ ቤቱን ያሞቀዋል፤ የአማቷ ራዲዮ ግን ጆሮ ያደነቁራል። ግራ ገባት። አማቷ ክፉ አይደሉም ማለት ነው? ወይስ እናቷም ትጨቀጭቃለች? ያን ሁሉ ዓመት የቋጠረችው ቂምስ ምን ሊሆን ነው? አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት።

“ቲቸር፣ ሁለተኛዋን አሮጊት ያውቋታል እንዴ?” አለች ዳኛ።

“አዎ... እንጃ።”

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

በእረፍት ሰዓት ስልኳን ከፈተች። “የኔ እናት ትምጣ” የሚለው መልእክት ከጠዋት ጀምሮ ተጽፎ መላክ ብቻ ቀርቶት ነበር። አጠፋችው። ለአማቷ ልትደውል አሰበች፤ ምን እንደምትላቸው ግን አላወቀችም። ቁጥራቸውን ፈለገች፤ የለም። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያወራቻቸው በባሏ ስልክ ነበር።

“የእናትህን ቁጥር ላክልኝ” ብላ ጻፈችለት።