ሞተሩ እስኪበርድ

«ይሸጥ ብያለሁ። ምኑ ነው ያልገባህ?» አለች ኑቢያ፣ ለቅሶ ለመጡት ሴቶች ትኩሱን የሸንኮራ ስኳር ውሃ እየቀዳች።

ወንድሟ ዊልማር የወጥ ቤቱን በር በትከሻው ተደግፎ ቆሟል። አባታቸው ዶን አርሴስዮ ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎን ውስጥ ጎረቤቶች ለዘጠኝ ቀኑ ጸሎት ወንበር ይጎትታሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ አረንጓዴው ጂፕ፣ ተጎትቶ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አፍንጫውን ወደ ሙዙ ተክል አዙሮ ቆሟል።

«ሞተሩ ሳይከፈት? ምን እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ?» አለ ዊልማር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቡና ለቀማው ሳምንት ነው የቀረው። የዚህን ዳገት ሰው ማን ሊያመላልሰው ነው? ያ የከተማ ሰውዬ እኮ ምግብ ቤቱ ደጃፍ አቁሞ አበባ ሊተክልበት ነው የሚገዛው።»

«ይትከልበት። እኛ ሌላ መኪና እንገዛለን።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? እኔ ፔሬይራ ከተማ ሱቅ ስከፍት ከአባዬ ጋር መሪ ይዘሽ የቀረሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ኑቢያ ትሪውን አንስታ በአጠገቡ ስታልፍ ኩባያዎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። ዊልማር አያት።

ሳሎኑ ጥግ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ የሟቹ ፎቶ፣ ሻማና አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጠዋል። ውሃው ለነፍስ ነው፤ መንገድ ላይ ይጠማታል ይባላል። እናታቸው ዶኛ ኦርፊሊያ በየጠዋቱ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው ያዩትና «ዛሬም ጠጥቷል» ይላሉ። ጎደል ብሎ ያገኙት ቀን ፊታቸው ትንሽ ይፈታል። ከዚያ የጎደለውን ሞልተው ይመልሱታል።

የመቁጠሪያው ጸሎት ተጀመረ። አንዷ «ሰላም ለኪ ማርያም» ስትል ሌሎቹ ይቀበሏታል። የኑቢያ ከንፈር ግን አልተላወሰም። አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ሰላም ለኪ ከአፏ አልወጣችም። ጎረቤቶቹ «ሐዘኑ አፏን ዘጋው፣ የአባቷ ልጅ አይደለች እንዴ» ተባባሉ።

የአባቷ ልጅስ ነበረች። ጂፑ አሥራ አራት ሰው፣ ጆንያና ዶሮ ተሸክሞ የላስ ክሩሴስን ዳገት ሲወጣ፣ ምንጩ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይፈላል። ያኔ ዶን አርሴስዮ ሰዉን ሁሉ ያስወርዱና ኮፈኑን ከፍተው መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ሰዓት አስረው አያውቁም። አምስቱ አስርት፣ አሥር አሥር ሰላም ለኪ፣ ተደግመው ሳያልቁ የራዲያተሩን ክዳን የሚነካ የለም። የቸኮለ ተሳፋሪ ካጉረመረመ «በእግርህ ቅደመኝ፤ ስደርስብህ ግን አልጭንህም» ይሉታል። ጴንጤው ጎረቤታቸው ሳይቀር ከስንት ዓመት ጉዞ በኋላ ጸሎቱን በቃሉ ወጣው። የሰበካው ቄስም «ከእኔ ስብከት ይልቅ ያንተ ጂፕ ነው ሰው የሚያጸልየው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ኑቢያንም ገና እግሯ ፍሬን ሳይደርስ ነው ያስተማሯት። «የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስሽ ይሰነጠቃል። እመቤታችንን አትሽቀዳደሚያት።»

በሰባተኛው ቀን መካኒኩ ዶን ሊሳንድሮ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከሟቹ ጋር የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው። ጸሎቱ ሳይጀመር ወደ ጂፑ ሄደው የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አዩት።

«ዘይቱ ወተት መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል» አሉ። «ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ብቻ ከሆነ የተሰነጠቀው፣ አሮጌ ግን ደህና የሆነ እኔ ጋ አለ፤ እንቀይረዋለን። ታችኛው የሞተሩ አካል ራሱ ከሆነ ግን አትልፉ፣ ሽጡት። ሳልከፍተው አላውቅም።»

«ምን ነክቶት እንደሆነስ ይታወቃል?» አለ ዊልማር።

«ስንጥቅ ይናገራል። የቆየ ከሆነ ጠቁሯል፤ የሰሞኑ ከሆነ ያበራል።»

«አይከፈትም» አለች ኑቢያ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ስለጮኸ በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «ሰውየው ከነገ ወዲያ መጥቶ ይወስደዋል። እንዳለ ይውሰደው።»

ዶኛ ኦርፊሊያ ስለ ጂፑ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ነገ ይከፈት» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

የዚያን ዕለት ጸሎቱ ሁለተኛው አስርት ላይ ሲደርስ ኑቢያ ተነስታ ወጣች። ከዚያ በላይ መስማት አልቻለችም። አባቷ በሞቱበት ቀንም የደረሰችው እዚያው ላይ ነበር። አባቷ ደረታቸውን ይዘው ቡናው መሃል ሲወድቁ፣ ከኋላ ጆንያ ላይ አስተኝታቸው ዳገቱን ይዛ ወደ ከተማ በረረች። ምንጩ ጋ ጂፑ ፈላ። ኮፈኑን ከፍታ መቁጠር ጀመረች። አንደኛው አስርት አለቀ። ሁለተኛው ላይ አባቷ አቃሰቱ። ባልዲውን ከምንጩ ሞልታ ገለበጠችው። ብረቱ ጧ ሲል ሰምታለች። ጂፑ ሁለት ኩርባ ወጥቶ ቆመ፤ ሌላ መኪና እስኪደርስ አባቷ በሕይወት አልነበሩም። ለሰው ሁሉ የተናገረችው «ሞተሩ ቆመብኝ» ብቻ ነው።

በማግስቱ ዶን ሊሳንድሮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ዊልማር እየተቀበለ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ዶኛ ኦርፊሊያ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ኑቢያ ሙዙ ሥር ቆማ የቀሩትን ብሎኖች በዓይኗ ትቆጥራለች። የመጨረሻው ወጣ፤ ቴስታታው ተነሳ። ሽማግሌው ገልብጠው በጨርቅ ጠረጉት። ከዳር እስከ ዳር እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ታበራለች።

ዶን ሊሳንድሮ ቀና ብለው ኑቢያን አዩዋት። ከዚያ ጨርቁን በስንጥቁ ላይ ጣል አደረጉበት።

«ዕድሜ ነው» አሉ። «ብረትም ይደክመዋል። ታችኛው ደህና ነው።»

ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ዊልማርም እፎይ ሊል ነበር።

«ዕድሜ አይደለም» አለች ኑቢያ። መጥታ ጨርቁን አነሳችው። «አዲስ ነው። እኔ ነኝ። ሳይበርድ ውሃ ጨመርኩበት።»

ዊልማር የያዘው ብሎን ከእጁ ወደቀ። «ስምንት ቀን ሙሉ? እኛ ፊት ቁጭ ብለሽ? ትንሽ ብትጠብቂ ኖሮ እኮ…»

«ዝም በል» አሉት እናቱ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስንተኛው ላይ ነበርሽ?»

«ሁለተኛው አስርት ላይ፣ እማዬ።»

ዶኛ ኦርፊሊያ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ሲያጣጥፉ ቆዩ።

«እኔ ብሆን አንዱንም አልጀምረውም ነበር» አሉ። «ብትጠብቂ አባትሽ ይተርፍ ነበር ይሆናል። ስትቆጥሪም ይሞትብሽ ነበር ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ ይሄም አያውቅም» ብለው በአገጫቸው ወደ ዊልማር ጠቆሙ። «ሊሳንድሮ፣ ያንተን ቴስታታ አምጣልኝ። አበባ የሚተክል ሰው ሌላ ማሰሮ ይፈልግ።»

ኑቢያ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ከሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ዊልማር በዘጠነኛው ቀን እስከ ምሳ ከመካኒኩ ጋር ብሎን ሲያጠብቅ ዋለ። ኑቢያን ቀና ብሎ አላያትም። ሞተሩ ተነስቶ ግቢውን ሲያንቀጠቅጠው ግን ቁልፉን አምጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

የመጨረሻው ጸሎት ቀትር ላይ አብቅቶ ጠረጴዛው ተነሳ። የነፍስ ውሃ እንደ ወጉ አበባ ሥር መደፋት ነበረበት። ዶኛ ኦርፊሊያ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ለቀስተኞቹ ከኋላ ተጫኑ፤ ዊልማር መወጣጫው ላይ ቆመ። ኑቢያ ወደየቤታቸው ልታደርሳቸው ዳገቱን ያዘች።

ምንጩ ጋ እንደ ልማዱ ፈላ። ሰዉ ሳይነገረው ወረደ። ኑቢያ ኮፈኑን ከፍታ የአባቷን መቁጠሪያ አወጣች።

«ሰላም ለኪ ማርያም» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ጴንጤውም ተቀበላት። ሁለተኛው አስርት ላይ ቆመች። ያኔ ከኋላዋ የዊልማር ድምፅ ካቆመችበት ጀመረላት።

አምስተኛው ሲያልቅ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ከፈተችው። እናቷ ብርጭቆውን አቀበሏት፤ ጠብታ እንዳይፈስባት ተጠንቅቃ ቀስ ብላ የነፍሱን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረችው።