ምርቃት የተሰጠኝ ሎሚ

መርማሪዋ ኑኃሚን ከባጃጁ እንዳልወርድ ስታስጠነቅቀኝ ቆጣ ብላ ነበር።

«ሀሊሞን በዓይንህም እንዳትጠቅሳት! መሬቷን ራሷ መርታ ታሳየኝ። ካበላሸህብኝ ዐቃቤ ሕጉ ‹ይሄ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው› ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። ገብረ መድኅንም እየሳቀ ይወጣል።»

ገብረ መድኅን ደላላ ነው። አባቴ ትቶልኝ የሞተውን ጥሪት ተቀብሎ መልካ ጀብዱ ዳር ቁራጭ መሬት ሸጠልኝ። ለካ ያንኑ መሬት ከእኔ በፊት ታይዋን ገበያ ልብስ ለምትነግደው ለሀሊሞ ሸጦላት ኖሯል። ሲያዝ፣ «ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦታዎች ናቸው» አለ። ውሉ ላይ ያሰፈረው አዋሳኝ ደግሞ ለሁለቱም ይሆናል። የቀረው ማስረጃ እኔና እሷ ለየብቻ መርተን የምናሳየው ቦታ አንድ መሆኑ ነበር። እኔ ጠዋት አሳይቻለሁ፤ የሎሚ ችግኟ ያለችበትን።

መሬቱን ስገዛ «ይህችን ማን ተከላት?» ብዬው ነበር።

«ምርቃት ናት፣ የኔ ልጅ!» አለኝ።

ደስ አለኝ። እሁድ እሁድ በጄሪካን ውሃ ይዤ እየሄድኩ አጠጣታለሁ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ገና ባልተሠራው በረንዳዬ ላይ ሆኜ መንገደኛውን አያለሁ።

ሀሊሞ ድሪያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ኑኃሚንን አስከትላ ወደ መሬቱ ወጣች። ሎሚዋን አልፋ ሄደችና ባዶ መሬት ላይ ቆመች።

«እዚህ ነው።»

ገብረ መድኅን «ጎን ለጎን» ያለው ሁለተኛው ቦታ መሆኑ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ኑኃሚን።

«ወላ...» አለች ሀሊሞ፤ መሐላውን ግን አልጨረሰችውም። ዞራ ሎሚዋን አየቻት። ተመልሳ ጎንበስ አለችና አፈሩን ነካች፤ እርጥብ ነበር።

«አልሞተችም እንዴ? አቦ፣ ማን ነው የሚያጠጣት? እኔ ከተከልኳት ወዲህ አንድ ቀን አልመጣሁም!»

ትእዛዙን ረስቼ ከባጃጁ ዘለልኩ። «እኔ ነኝ፣ ኤዶ» አልኳት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት።

«ሽመክት!» አለችኝ ኑኃሚን። ግን ሀሊሞ ቃሏን ተናግራ ጨርሳለች።

«አንተ ነህ? ሌባ! በእኔ ሎሚ ጭማቂ ልትጠጣ?»

«ምርቃት ናት ብሎኝ ነው።»

«ምርቃት! ጮሌ ነው እኮ ሰውየው!» ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አለቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት ሰው ላከብኝ። ‹ትንሽ ወደ ግራ አሳዪ፣ ብርሽን እመልስልሻለሁ› አለ። ልጆች አሉኝ፣ ኑኃሚን። ይሄ ልጅ ምኔ ነው?»

ኑኃሚን አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አልዋሽዎትም። ይህን ከመሰከሩ እሱ በፈቃዱ አይመልስልዎትም። ፍርድ ቤት ደግሞ ይጓተታል።»

«እሱ ከተፈታስ?»

«ለሌላ ሰው ይሸጠዋል።»

በአስፋልቱ ላይ አንድ የጂቡቲ ከባድ መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪበርድ ሦስታችንም ጠበቅን። እኔ ልለምናት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን ብዬ?

በመጨረሻ ተነሣች። ሎሚዋ ዘንድ ሄዳ፣ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ቆመች።

«እዚህ ነው የሸጠልኝ። ከዚህ እስከዚያ ቁልቋል። ፎቶ አንሺኝ።»

ኑኃሚን በስልኳ አነሳቻት።

«አሁን ደግሞ የላከብኝን ሰው ስም ጻፊ» አለች ሀሊሞ። ወደ እኔም ዞረች። «አንተ ምን ትገተራለህ? ጠጋ በልና ስማ፤ ነገ ‹አላልኩም› ብል ፊቴ ላይ ትነግረኛለህ።»