የሰኞ አይብ

ምህረት አይቡን የገዛችው እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ከጸሎት ስትመለስ ነበር። ሻጯ ዋጋ ላይ አላስጨነቀቻትም። «ሁሉንም አንሺልኝና ቤቴ ልግባ እናቴ» ብላ በግማሽ ዋጋ ሰጠቻት፤ በላዩም ሁለት ጭልፋ መረቀችላት። ምህረት ነገሩ ገና ከጅምሩ ቀናኝ ብላ ደስ አላት።

የምትጠብቃት እንግዳ ታላቅ እህቷ አልማዜ ናት። አልማዜ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቅቤና አይብ እየሸጠች፣ እናቷ በልጅነቷ የሞተችባትን ምህረትን አሳድጋለች፣ አስተምራለች። ምህረት ጉዲሳን አግብታ በእሱ እምነት ጴንጤ ስትሆን ግን ኦርቶዶክሷ አልማዜ ቤቷን መርገጥ ተወች። ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ይለያያሉ። አብረው ማዕድ ከቆረሱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አሁን የምህረት ልጅ ኢሊሊ ልታገባ ነው። ከቤት ስትወጣ የምትስመው የአያት ጉልበት የለም፤ ምህረት የአያትን ወንበር ለአልማዜ አስባዋለች። ደውላ ስትለምናት አልማዜ፣ «መጀመሪያ ቤትሽ መጥቼ እህል ልቅመስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለቻት።

«ረቡዕና ዓርብ ለአንቺ አይሆንም። ሰኞ ይሁን እቴቴ?» አለች ምህረት፣ ጾሟን ማስታወሷ እያኮራት።

«ሰኞ?» አለች አልማዜ ቃሉን ጎተት አድርጋ። «እሺ። ሰኞ እመጣለሁ።»

ምህረት የቃሉን መጎተት ደስታ አድርጋ ወሰደችው።

ምህረት እዚያው በምትኖርበት ቤቴል ሰፈር ላለ ካፌ ኬክ ትጋግራለች። የአሠራር መመሪያው «ሪኮታ» የሚባለውን የጣሊያን አይብ ከጠየቀ እሷ የአገሩን አይብ ታስገባለች፤ ልዩነቱ አጓቱ ነው። አይብ አጓቱ በደንብ ካልወጣለት ሊጡን ያቀጥነዋል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ከዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ላይ አንጠልጥላው አደረች። ጠዋት ስትፈታው በጣት ሲጫኑት ምልክቱን ይዞ የሚቀር ሆኖ ነበር። ግማሹን በደንብ ከተጨመቀ ጎመን፣ ከንጥር ቅቤና ከኮረሪማ ጋር ለወሰችው፤ ይህን ያስተማረቻት አልማዜ ናት። ጥቂቱን ከቆስጣ ጋር በስሱ የላዛኛ ሊጥ መሀል ደረደረችው። የቀረውን በእንቁላል፣ በማርና በተፋቀ የሎሚ ልጣጭ መትታ ኬክ ጋገረችበት። ኬኩ መሀሉ ሳይሰነጠቅ ወጣላት።

አልማዜ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ላዛኛ። ውስጡ አይብ ነው።»

«አይቡን ብርድ ልብስ አለበስሽው በይኛ! ይሄኛውስ?»

«ኬክ ነው፤ በአይብና በማር።»

«አይብ በማር! እማዬ ብትኖር በማማሰያ ነበር የምትልሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሲያልቅባቸው ትንፋሻቸውን የሚስቡት እንኳ እኩል ነው። አልማዜ የጎመኑን ክዳን አንስታ አሸተተች።

«ቅቤው ጥሩ ነው» አለች እንደ ነጋዴ። «አይቡን በስንት ገዛሽው?»

«በግማሽ ዋጋ! ትናንት ወደ ማታ።»

አልማዜ ክዳኑን መለሰችው። «አንቺ አይብ ተሸጦ ነው ያደግሽው። የአይብ ዋጋ በአንድ ማታ የሚወድቀው መቼ ነው?»

ምህረት ታውቀዋለች። እንዲያ ባሉ ማታዎች ሳይሸጥ የቀረውን አይብ አልማዜ እፊቷ ታስቀምጥላትና «ጨርሺው፣ ነገ ጾም ነው» ትላት ነበር። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ቅቤ ስትመዝን ውላ ጣቷን ሳትልስ በኮባ ቅጠል ትጠርግ ነበር።

«ጾም ሊገባ ሲል» አለች ምህረት።

«ትናንት ጰራቅሊጦስ ነበር። ዛሬ የሐዋርያት ጾም ገባ።»

«ረሳሁት እቴቴ፣ ስሞትልሽ! ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው ያሰብኩት። ሰኞ ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ታስታውሺ እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ። ‹ያው እህትሽ ነኝ፣ አልተለወጥኩም› ትዪኝ የለ?»

«እሑድ ይሁን ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

አልማዜ ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። ምህረት ወደ ማድቤት ሮጠች። «ሽሮ እሠራልሻለሁ፤ አሁን ይደርሳል!»

«በየትኛው ድስት?» አለች አልማዜ ከኋላዋ።

ምህረት ያነሳችውን ድስት እንደያዘች ቀረች። ትልቁም ትንሹም፣ ማማሰያውም ሳይቀር ቅቤ የነካው ነው። እዚህ ቤት ለጾም ተብሎ የተለየ ዕቃ ኖሮ አያውቅም።

«አዲስ ልግዛ፤ ሱቁ እዚሁ ታች ነው።»

«ተይ፣ አትድከሚ።» አልማዜ ከጠረጴዛው አንድ ሙዝ አነሳች። ምህረት እጇን አየቻት፤ ትልጠዋለች ብላ ጠበቀች። አልማዜ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ቤቴ ስገባ እበላዋለሁ።»

«ኢሊሊስ እቴቴ? ጉልበት ስሞሽስ?»

«ለሠርጉ እመጣለሁ። ከኋላ ወንበር አይጠፋም።»

በሩ ላይ ለቅሶ ቤት እንደሚሳሳሙት ተሳሳሙ።

ኢሊሊ ከሥራ ስትገባ ጠረጴዛው እንደተደረደረ ነበር። አንድ ጥግ ኬክ ቆርሳ ጎረሰች። «ኧረ እማዬ፣ ይሄማ ጉድ ነው! እቴቴ ምን አለች?»

«ጨርሺው» አለቻት ምህረት። ከዚያ ቃል ጋር አብሮ የሚመጣው «ነገ ጾም ነው» እስከ አፏ ደርሶ ነበር፤ አልወጣላትም። እዚህ ቤት ነገም እንደ ዛሬው ነው።