የነስሮ መስመር

ከረመዳን በፊት የጀመርነው ማሽን መምረጥ ዓረፋ አልፎም አላለቀም። እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ስልኬ በሌዘር መቁረጫ ቪዲዮ ከመሙላቱ የተነሳ ልጆቼ አባታችን አበደ ማለት ጀምረዋል። ቪዲዮው ሁሉ አንድ ነው። ሙዚቃ ይከፈታል፣ ብልጭታ ላሜራው ላይ ይሮጣል፣ አበባ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው አበባውን አንስቶ ፈገግ ይላል። እኔ ፈገግ አልልም።

ብረታ ብረት ቤታችን ከኤረር በር ወጣ እንዳሉ፣ ከሐረር ግንብ ውጪ ነው። ወልደሚካኤል እባላለሁ። አባቴ ከመንዝ ተመድበው የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እኔ ግን ሐረር ተወልጄ ሐረር ሸብቻለሁ። ሸሪኬ ነስሮ ነው። በጉርምስናችን አብረን ብየዳ ተማርን፣ አብረን ቤቱን ከፈትን፣ እስከ ዛሬም አልተለያየንም። ሰው ሥራችንን "የነስሮ በር" ነው የሚለው፤ "የወልደሚካኤል በር" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አያስከፋኝም። የምቆርጠውም፣ የምበይደውም፣ የምሰቅለውም እኔ ብሆን፣ ላሜራው ላይ አበባውን በጠመኔ የሚስለው እሱ ነው። ሰው የሚገዛው ደግሞ አበባውን ነው።

ነስሮ ሲስል ማየት ደስ ይል ነበር። ላሜራውን ጠረጴዛ ላይ እናጋድማለን፤ እሱ ጠመኔውን አንዴ ካሳረፈ አያነሳም። ሐረጉ ከታች ተነስቶ፣ ቅጠል እያወጣ፣ እየተጠማዘዘ እስከ ላይ ይሄዳል። ማስመሪያ የለ፣ ልኬት የለ። የኔ ሥራ በፕላዝማ መቁረጫ መስመሩን ተከትሎ መቁረጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየሁት የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው። ከዚያ ጠመኔው ላይ መጣ። ሐረጉ አምሮ ይነሳና መሃል ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲመለስ "እርጅና ነው አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔም ዘጋሁት። ምን እላለሁ? ነስሮን አትሳል ማለት ቤትህ ገብተህ ተኛ ማለት ነው። አባቱን አይቻለሁ። ሥራ ያቆሙ ዕለት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው ድጋፍ አልተነሱም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ያዝኩ። ነስሮ ጠዋት ይስላል፤ የዙሁር፣ የቀትሩ አዛን ሲል መስጊድ ይሄዳል። እሱ ሲወጣ እኔ እርጥብ ጨርቅ አነሳለሁ። የተንቀጠቀጠውን እጠርጋለሁ፣ በራሴ እጅ እስለዋለሁ፣ እሱ ሳይመለስ የመቁረጫውን ኮምፕሬሰር አስነስቼ መቁረጥ እጀምራለሁ። አንዴ ከተቆረጠ ጠመኔው ይጠፋል፤ ማን ምን እንደሳለ ማን ያውቃል? የኔ መስመር የነስሮን አያህልም። ቅርጽ አለው እንጂ ነፍስ የለውም። ቢሆንም ደንበኛ አልነቃም፣ ነስሮም አልነቃም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምሳዬን እየተውኩ። ወገቤ ደከመ፣ ዓይኔ ደከመ። ከሁሉም በላይ ወዳጄን በየቀኑ መሸንገል አደከመኝ።

ማሽኑን ያሰብኩት ለዚህ ነው። ለሰው ያወራሁት ሌላ ነው፤ ዘመኑ ነው፣ ከአዲስ አበባ በሌዘር የተቆረጠ በር እየመጣ ነው፣ ሥራ ሊያመልጠን ነው እያልኩ። እሱም ውሸት አይደለም። በልቤ ግን፣ ማሽኑ ከገባ አበባው ከኮምፒውተር ይወጣል፣ ነስሮ ቆሞ ያዛል፣ ጠመኔው በራሱ ጊዜ ይቀራል፣ ማንም ምንም ሳይነግረው ነገሩ ያልፋል ብዬ ነበር።

ነስሮ ግን አንዱንም አይወድም። ሙሉ ላሜራ የሚይዘውን ትልቁን ሳሳየው "ይሄን በየት ልታስገባው ነው? ግድግዳ ልናፈርስ ነው?" አለኝ። ዙሪያውን የተሸፈነውን ትንሹን ሳሳየው "ይሄ የዳቦ ምድጃ ነው" አለኝ። ክፍት የሆነው ጨረሩ ዓይን ያጠፋል። ጉልበት ያለው ስሪ ፌዝ የሚባለውን የፋብሪካ መብራት ይፈልጋል፤ መስመሩን እስኪያስገቡልን እንሞታለን። ጉልበት የሌለው ወፍራም ብረት አይቆርጥም።

"ሌንሱ ቢሰበርስ?" ይለኛል።

"ከአዲስ አበባ ያመጣሉ።"

"እስኪያመጡ አቦ እኛ ተቀምጠን ዝንብ ልንቆጥር ነው?"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ፈርቷል አልኩ፤ ማሽኑ ሥራዬን ይወስዳል ብሎ ነው አልኩ። አዘንኩለት። ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ተናደድኩበትም።

የማሽኑ ሻጮች ድሬዳዋ ላይ ወኪል አላቸው፤ ሰላማዊት የምትባል ወጣት መሐንዲስ። አንድ ቀን ደወለችና "ጋሼ፣ በስልክ አይመረጥም። መጋዘናችን ውስጥ ለማሳያ የተተከለች ማሽን አለች። የራሳችሁን ዲዛይን ይዛችሁ ኑና ዓይናችሁ እያየ ልቁረጥላችሁ" አለችኝ። ነስሮ እምቢ ይላል ስል "እንሂድ" አለ። እኔ በደህናው ዘመን የሳላቸውን በሮች ፎቶ ከስልኬ ፈልጌ አዘጋጀሁ። በማግስቱ በሚኒባስ ወረድን።

ማሽኗ ከጠበቅኩት ታንሳለች። ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ናት፤ ከላይዋ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተት ክንድ አላት፣ ከጎኗ የውሃ ማቀዝቀዣዋ ቆሟል።

"ለጀማሪ ቤት የምትሆን ናት። አንድ ተኩል ኪሎዋት፣ ስሪ ፌዝ አትፈልግም፣ ለበር ላሜራ ደግሞ ከበቂ በላይ ናት" አለች ሰላማዊት፣ መከላከያ መነጽር እያደለችን።

ስልኬን ሳወጣ ነስሮ እጄን ያዘኝ።

"ተወው። ልጄ፣ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ አለሽ?"

"ፎቶው አለ እኮ፣ ነስሮ" አልኩ።

"ፎቶው ያለፈ ነው። ዛሬ የምስለውን ነው ማየት የምፈልገው።"

ቆሞ ወረቀቱ ላይ ሐረጉን ሳለ። እኔ ማየት አልቻልኩም። በሩ አጠገብ የተጣለ ካርቶን ላይ ያለውን የቻይና ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቻይንኛ አልችልም። ሰላማዊት ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው፤ ጥቂት ነካካችና ማሽኗን አስነሳቻት። ቪዲዮው ላይ እንዳለው ብልጭታው ሮጠ፣ ሙዚቃው ብቻ ነው የጎደለው። የተቆረጠውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልን።

ማሽኗ አልተሳሳተችም። ነስሮ የሳለውን ነው የቆረጠችው፤ ንቅጥቅጡን አንድም ሳታስቀር። ወረቀቱ ላይ ያን ያህል አይታይም ነበር፤ ብረት ላይ ሲሆን የሚሸፍነው ነገር የለም። ሁለት ዓመት በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው የኖርኩት ነገር ተቆርጦ ፊታችን ተቀመጠ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ መስመር ማለስለሻ አለው። ከፈቀዱልኝ ላስተካክለው?" አለችው ሰላማዊት ዓይኑን ሳታይ።

"አስተካክዪው" አላት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካችው። ሁለተኛው ሲቆረጥ ሐረጉ ለስልሷል፣ ቅጠሉ ክብ ሆኗል፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ነስሮ ሁለቱንም ይዞ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ሄደ። እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

"ይሄኛው ወልዴ ነው" አለ።

ሰላማዊት አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ፤ ወልዴ የሚለው እኔን ነው። ነስሮ ዘወር ብሎ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ማቀዝቀዣው፣ ስለ ዋስትናው ምንም እንዳልተፈጠረ ሲጠይቃት ቆየ። እኔ ከመለሰችለት አንዱንም አልሰማሁም።

ወደ ሐረር ስንወጣ ሁለቱን ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቤቱን ከፍተን ስንገባ ጋዜጣውን ፈታና ብረቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

"ያንተ ቅጠል እንዲህ ናት" አለ የለሰለሰውን እየነካ። "ወገቧ ደህና ነው። ጫፏ ላይ ስትደርስ ግን ትቸኩላለች። ለምን ትቸኩላለች ብዬ ብዙ አሰብኩ። በኋላ ገባኝ፤ እኔ ሳልመጣ መጨረስ ስላለብህ ነው።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ወልዴ፣ የራሴን እጅ አላውቅም? በመጀመሪያው ሳምንት ነዋ።"

እሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"ዙሁር እኮ አራት ረከዓ ነው" አለ። "ሱናውን ብትጨምርበት ስንት ይፈጃል? ሰግጄ እወጣና መስጊዱ ግንብ ሥር እቀመጣለሁ። ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ጨርሷል እልና እነሳለሁ።"

"ዝናብ ሲሆንስ?" አልኩ። ሌላ የምጠይቀው አጥቼ ነው።

"ዝናብ ሲሆንም።"

ድካም አሸንፎኝ ጨርቁን እንደያዝኩ ፈዝዤ የተቀመጥኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ያኔ እሱ እዚያ ሆኖ ድምፅ ሲጠብቅ ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንተስ?" አለ። "ማሽን እንግዛ ስትል ደከመው አልኩ። ወላሂ፣ ነስሮ ደክሞኛል ብትለኝ የዚያኑ ቀን እሺ እልህ ነበር። አንተ ግን የምታወራኝ ስለ ዘመን፣ ስለ አዲስ አበባ በር ነው። አንዱን ጠበበ፣ አንዱን ሰፋ ስል የከረምኩት እውነቱን እስክትናገር ነው።"

"እኔን ስታለፋ ነዋ የከረምከው!" ብዬ ጮህኩ።

"አለፋሁህ። ሐቅ ነው። አፉ በለኝ።"

ንዴቴ የትም አልደረሰም። ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል። ከሱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

"ደክሞኛል፣ ነስሮ" አልኩ። ስናገረው እንባዬ መጣ፤ በዚህ ዕድሜ ላሜራ ፊት ተቀምጦ ማልቀስ ያሳፍራል። "በጣም ደክሞኛል።"

"አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል። በየቀኑ እዚያ በር ስገባ፣ ያልሳልኩትን ሥራ እኔ እንደሳልኩት ሆኜ ማሻአላህ እላለሁ። ናፊያን ጠይቃት፣ ቤት ስገባ እህል አይወርድልኝም።"

ናፊያ ሚስቱ ናት። እሷም ታውቅ ኖሯል።

ነስሮ "ነገ ለልጅቷ ደውልላት" አለ። "ያቺኑ ያየናትን ትላክልን። መነጽር እናደርጋለን፣ ዓይናችን አይጠፋም። እኔ እስላለሁ፣ አንተ አጠገቤ ሆነህ ታርማለህ፣ ማሽኗ ትቆርጣለች። ያን ማለስለሻ የሚሉትን ግን አትንኩብኝ። የሚያርመኝ ሰው አለኝ።"

"ማሽኗ እስክትመጣ ወራት ነው።"

"እስክትመጣ ጠመኔ አለ።"

ጠረጴዛው ላይ አንድ ላሜራ ተጋድሟል። አቦከር ሰፈር ላለ ቤት የታዘዘ በር ነው፤ ትናንት ጠዋት ነስሮ ስሎት፣ መንገድ ስንዘጋጅ ሳልጠርገው ቀርቷል። ሁለታችንም አየነው። መሃል ላይ ክፉኛ ተንቀጥቅጧል። ከዚህ በፊት አንድም ቀን እንዲህ አብረን ቆመን አይተነው አናውቅም።

የአስር ሰላት አዛን አለ። ነስሮ ተነስቶ ወጣ። እኔ በልማዴ ጨርቁን አንስቼ ነከርኩ፤ ከዚያ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ። ልጥረገው አልጥረገው እያልኩ ሳመነታ ሰግዶ፣ መስጊዱ ሥር ሳይቀመጥ ተመለሰ። ለሰላት የታጠበበት የውዱው ውሃ ከክንዱ ገና አልደረቀም። በርጩማውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፣ ጠመኔውን አንስቶ በእጄ አስያዘኝና ላሜራው ላይ አጎነበሰ።

ከታች ጀምሬ ጠረግኩ፣ ከታች ጀምሬ ሳልኩ። እሱ አንዳንዴ በጣቱ እያሳየ "ከዚህ ይዙር" ይላል። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያሳየው ቦታ ግን ልክ ነው። መጀመሪያዋ ቅጠል ጫፍ ላይ ስደርስ እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ።

"እዚህ ጋ አትቸኩል" አለኝ።

አልቸኮልኩም።