የምትኩ ጀርባ

«አልቀመጥም» አለች ልጅቷ። «ሁለት ቃል ተናግሬ እሄዳለሁ።»

ልብስ ተኳሿ ካውያውን ከእጇ አላስቀመጠችም። የሆቴሉ አንሶላ ክምር ደረቷ ድረስ ይመጣል፤ አለቃዋ ደግሞ በመስታወቱ በኩል አንገቱን እያሰገገ ያያታል።

«ማን ልበል?»

«የምትኩ እጮኛ ነኝ።»

ተኳሿ ቀና ብላ አየቻት። ምትኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷ ሲገባ ሲወጣ፣ እጮኛ እንዳለው አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

«የፓምፕ ጥገና ሥራ አግኝቷል፤ ራቅ ያለ ከተማ ነው» አለች ልጅቷ ቶሎ ቶሎ። «ነገ ጠዋት ካልተገኘ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አውቶቡሱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው። ሂድ ስለው፣ እሷ ሳትፈቅድ አልሄድም ይለኛል። በል ጠይቃት ስለው፣ በየትኛው አፌ ይላል።»

«እኔ አሰርኩት እንዴ?»

«ኧረ አላሰርሽውም፣ እህቴ። እስረኛማ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል።»

ይህን ብላ ወጣች።

ምትኩ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ያወጡለት የተኳሿ አማት ናቸው፤ በልጄ ምትክ የተረፈልኝ ለማለት። ባሏና ይህ ወጣት አብረው የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። አንድ ቀን የውኃ መሳቢያው ሞተር ጭስ ጉድጓዱ ውስጥ ታምቆ ወጣቱን ጣለው። ባሏ አፍንጫውን በሸሚዙ አስሮ ወረደ፤ ገመዱን ከራሱ ወገብ ፈትቶ ለወጣቱ አሰረለትና «ሳቡት» አለ። ገመዱ ተመልሶ ሲወርድ ግን የሚይዘው አልነበረም።

ሰባኪው በሙት ዓመቱ ይህን እያነሳ፣ ክርስቶስም እንዲሁ ስለ ሌላው ራሱን አሳልፎ ሰጠ ይላል። ከዚያ ሰው ሁሉ የእሷን እጅ ይጨብጣል። ምትኩን ግን «ሰው ሞቶልሃል፣ ዕወቅበት» ይሉታል። እሱም ዐወቀበት። አማቷ ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት መመላለስ ሲጀምሩ፣ አሳንሰር ከሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ አዝሎ የሚያወርዳቸው እሱ ሆነ፤ አዝሎ የሚያወጣቸውም እሱ።

እሷም ለመደችው። አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲስቅ አገኘችው። ምንም አላለችውም፤ ዝም ብላ አየችው ብቻ። ከዚያ ወዲህ በእሷ ደጃፍ ስቆ አያውቅም።

አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች። መንገድ ላይ የምታስበው ስለ ገመዱ ነበር። ባሏ ሲፈታው «ትከፍለኛለህ» አላለም። በዚያ ጭስ ውስጥ ያችን ታህል ትንፋሽም አልነበረው። ታዲያ እሷና አማቷ በየሳምንቱ የሚያስከፍሉት የማንን ዕዳ ነው? ደግሞ ወዲያው፣ እሱ ከሄደ እማማን ማን ያወርዳቸዋል? እጥበቱ አንዴ ሲያልፋቸው እግራቸው ያብጣል። ሁለቴ ካለፋቸው ተኝተው መተንፈስ ያቅታቸዋል። ልጅቷን ጠላቻት። እስከ ሰፈሯ ድረስ ስትጠላት ሄደች።

ቤት ስትደርስ ምትኩ ተንበርክኮ ለአማቷ ጫማ ያጠልቅላቸዋል።

«አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ» አለችው።

እጁ ጫማው ላይ ቀረ።

«የምን አውቶቡስ?» አሉ አማቷ።

«ምንም አይደለም፣ እማማ። የትም አልሄድም።»

«ይሄዳል» አለች ተኳሿ። «ሥራ አግኝቷል። ሊያገባም ነው።»

አማቷ የምትኩን እጅጌ ጨምድደው ያዙ። «ልጄ ጉድጓድ የገባው ለማን ብሎ ሆነና ነው?»

«ለእሱ ብሎ ነዋ፣ እማማ። እኛን እንዲያገለግልልን ብሎ አይደለም።»

«ለአፍሽ ቀሎሻል። እኔ እዚህ ጀርባ ላይ ስሆን ነው ልጄ በከንቱ እንዳልቀረ የሚገባኝ።»

ምትኩ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየና ማየቱ አሳፈረው።

«የዛሬን ላድርሳቸው፣ እታለም» አላት። «ሌላውን ከዚያ እናስብበታለን።»

«ዛሬ ካዘልካቸው መቼም አታወርዳቸውም።»

ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ይያዙኝ።»

«አንቺ? ትጥይኛለሽ።»

«ልጥልዎት እችላለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ይያዙኝ ግን።»

ምትኩ ሊያግዝ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው ሳትዞር።

ከኋላዋ የአሮጊቷን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ፊታቸውን ግን አታይም። አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሌላው አልመጣም። የምትኩን እጅጌ እንደያዘ እንደሆነ ሳታይ ዐወቀች፤ ጠበቀችም። ቆይቶ እሱም መጣና አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

ብድግ ስትል ወደ ጎን ተንገዳገደች፣ ግን ቆመች። ምትኩ በሩን ከፍቶ ዳር ያዘ። ሲያልፉት አማቷ ፊታቸውን አዙረው «ሂድ እንግዲህ» አሉት።

ደረጃው አፍ ላይ ተኳሿ ቆም አለች። ቁልቁል ሲያዩት ጠባብና ጨለም ያለ ነው።

«በቀኝሽ» አሉ አማቷ ጆሮዋ ሥር። «እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚወርደው።»

ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ እግሯን ወደ ታች ላከች።